የእጅ ፍሬን ሲላላ ሽቦ መወጠር የመጨረሻው ሥራ ነው

ጥያቄ፦ «የምነዳው ላንድክሩዘር 75 ነው፤ የኋላ ፍሬኑ ባለ ታምቡር ነው። ባሕር ዳር ላይ የሞተር ጀልባ በተጎታች እየሳብኩ ጣና ዳር አወርዳለሁ፣ አወጣለሁ። የእጅ ፍሬኑ ተዳፋት ላይ አልይዝ ካለኝ ስድስት ወር ሆነው። ጋራዥ ሁለት ጊዜ ሽቦውን ወጠሩልኝ፤ ሁለት ሳምንት ይይዝና ተመልሶ ይላላል። ከሁለተኛው ወዲህ ደግሞ የግራው የኋላ ጎማ ይግላል። አንዱ የፍሬን ዘይት ይቀየር ይለኛል፤ ሌላው ሽቦው አልቋልና አዲስ ግዛ ይለኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ማርሽ አስገብተህ ድንጋይ ካደረግክ የእጅ ፍሬን ምን ያደርግልሃል ይላል። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ሦስቱም ችግሩን አላገኙትም። የእጅ ፍሬን በዘይት አይሠራም፤ ከእጀታው እስከ ጎማው ድረስ ሽቦና ብረት ብቻ ነው። ዘይት መቀየር ለእግር ፍሬኑ መልካም ነገር ነው፣ ይሄን ችግር ግን አይነካውም። ሽቦውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተስቦ አያልቅም፤ የብረት ገመድ የሚረዝመው በዓመታት ነው። ሁለት ጊዜ ተወጥሮ ሁለቴም ከላላ ችግሩ ያለው ሽቦው ላይ ሳይሆን ታምቡሩ ውስጥና ጀርባው ላይ ነው። የጓደኛዎ ምክር ግማሹ እውነት ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

መኪናዎ ላይ የእግርም የእጅም ፍሬን የሚይዙት በእነዚያው ሸራዎች ነው፤ ሸራ ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ልብስ ነው። ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ውስጥ ሁለት ሸራዎች አሉ። ፔዳሉን ሲረግጡ ዘይቱ ታምቡሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ የፍሬን ሲሊንደር በኩል ገፍቶ ሸራዎቹን ይከፍታቸዋል። እጀታውን ሲስቡ ደግሞ ሽቦው ከመኪናው ሆድ ሥር ባለው ማመጣጠኛ ላይ ለሁለት ተከፍሎ በየጎማው ጀርባ ወዳለችው የታጠፈች ብረት ይሄዳል። በክርን ቅርጽ የተሠራች ስለሆነች እዚህ ክርን እንበላት። ክርኗ ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ክንድ ትስባለች፤ ክንዱ ሸራዎቹን ይከፍታል። እጀታው የሚጓዘው መንገድ የተወሰነ ነው። ሸራው ከታምቡሩ ከራቀ እጀታው መንገዱን የሚጨርሰው ሸራውን ታምቡሩ ድረስ በመውሰድ ብቻ ነው፤ ለመጫን የሚተርፍ ጉዞ የለውም።

ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ርቀቱ እንዳይሰፋ ታምቡሩ ውስጥ ባለ ጥርስ ማስፊያ ተቀምጧል። የእጅ ፍሬን በተሳበ ቁጥር ክፍተቱ ሰፍቶ ከሆነ አንዲት ትንሽ ምላስ የማስፊያውን ጥርስ አንድ ትገፋለች፤ ሸራው በዚያው ልክ ይጠጋል። ምላሷ ቀጣዩን ጥርስ ለመያዝ ግን እጀታው ሲለቀቅ ውስጥ ያለው ክንድ እስከ መጨረሻው መመለስ አለበት። ሽቦው ከመጠን በላይ ሲወጠር ክንዱ ሁልጊዜ በከፊል እንደተሳበ ይቀራል፤ ምላሷ ወደ ኋላ ተመልሳ ጥርስ መያዝ ስለማትችል ማስፊያው ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ጋራዡ ሽቦውን ሲወጥርልዎ የዛሬን ክፍተት በሽቦ ሸፈነና የነገውን የሚያስተካክለውን መሣሪያ አሰረው። በየጊዜው «የሚላላው» ለዚህ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ቢወጠር ደግሞ የበለጠ ይጎዳዎታል።

የግራው ጎማ መጋል የዚሁ ተከታይ ነው። የግራው ሸራ እጀታው ወርዶም ታምቡሩን እየነካ ነው ማለት ነው፤ ወይ በተወጠረው ሽቦ፣ ወይ ክርኗ ዝጋ ስላልተመለሰች፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም። ይሄ ነዳጅ ከመብላት ያለፈ ጉዳት አለው። ሙቀቱ የሲሊንደሩን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ላስቲክ) ያደርቃል፣ የኩሽኔታውን ግራሶ ያቀልጣል፣ የፍሬን ዘይቱን እስከ ማፍላት ይደርሳል፤ ዘይት ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ሙቀቱን ለማወቅ ታምቡሩን በእጅዎ አይንኩ፤ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣል ያድርጉበት። ቺስ ብሎ ከተነነ መኪናው ሳይሠራ አደባባይ አይውጣ።

ከመፍታትዎ በፊት እጀታው ራሱ ብዙ ይናገራል። ተስቦ ተስቦ ሳይከብድ ብዙ ቀጭ ቀጭ ካለ ክፍተቱ ሰፍቷል። በጥቂት ጥርስ ጠንክሮ ቆሞ መኪናው ግን ከተንሸራተተ ሽቦው ወይ ክርኗ ዝጋለች፣ አለዚያም ሸራው ዘይት ጠጥቷል ወይም እንደ መስታወት ለስልሷል፤ ያኔ መወጠር ምንም አይጨምርም። ተስቦ ተመልሶ ከወረደ የእጀታው ጥርስ ነው የተበላው። ፔዳሉም አብሮ ዝቅ ካለ፣ ሁለት ጊዜ ሲረገጥ ደግሞ ከፍ ካለ፣ የሸራው ክፍተት እንደሰፋ ሁለተኛ ምስክር አገኙ። አንድ ጎማ ብቻ ይዞ ሌላው ነፃ ከሆነ ማመጣጠኛውንና የነፃውን ጎማ ክርን ይመርምሩ።

ይሄ ሁሉ እርስዎ ላይ የፈጠነው በሥራዎ ጠባይ ነው። ጀልባ በሚወርድበት ቦታ የኋላ ጎማዎ እስከ መሀሉ ውሃ ውስጥ ይገባል። የጣና ውሃ ጨው የለውም፣ ደለል ግን ይዟል፤ በክረምት ገባር ወንዞቹ ሲሞሉማ ውሃው ቡና ይመስላል። ውሃው ከታምቡሩ ይወጣል፣ ደለሉ ይቀራል፤ ከሸራው ዱቄት ጋር ተላቁጦ የማስፊያውን ጥርስ ይሞላል፣ በክርኗ ዙሪያ ይደርቃል። ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ በተኛበት ጭቃ የሚነዱም፣ ዘጌ በክረምት የሚመላለሱም ይሄው ይደርስባቸዋል። ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያስብበትም። ከሩቅ መንገድ የመጣ የጋለ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ባለ ጥርስ ሣጥን) ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ የሚስበው በአክስሉ ጎሚኒ በኩል ውሃ ነው። በተቃራኒው መተንፈሻው ተደፍኖ ረጅም መንገድ ከተነዳ ግፊቱ የዲፈረንሻል ዘይቱን በጎሚኒው አሳልፎ ወደ ታምቡሩ ይልከዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ግማሽ ቀን ይመድቡለት፤ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ላይ እንጂ ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ አይሁን። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ፣ የኋላውን በክሪክ አንስተው በብረት መደገፊያ ያስቀምጡት። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግቡ። ማርሹን ፎሌ (ነፃ) አድርገው እጀታውን እስከ መጨረሻ ያውርዱ። ከዚያ ሁሉ ነገር በፊት የሽቦውን ማስተካከያ ዳዶ ሽቦው በግልጽ እስኪላላ ድረስ ይፍቱት። ይሄን የሚዘል ሰው የቀረውን ሥራ በሙሉ በተሳሳተ መነሻ ነው የሚሠራው።

ታምቡሩ እምቢ ካለ ጠርዙን በመዶሻ አይምቱ፤ ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት ስለሆነ ይሰነጠቃል። ታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ሁለቱም ላይ እኩል እኩል ሲያጠብቁ ራሱ ይገፋል። እሱም ካልሆነ ሸራው በታምቡሩ ጠርዝ በተፈጠረው ከንፈር ተይዟል፤ ከጀርባ ሰሃኑ (ከታምቡሩ ጀርባ ካለው የማይዞር ክዳን) ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብተው ማስፊያውን ወደ ኋላ ይመልሱ። ውስጡን በኮምፕሬሰር አየር አይንፉት። የአሮጌ ሸራ ዱቄት አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ የገባ አስቤስቶስ አይወጣም። በሳሙና ውሃ አርጥበው በብሩሽ ይጠቡት፣ ያድርቁት። በናፍጣ ግን በፍጹም፤ ናፍጣ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ሸራውም ይጠጣዋል።

ሸራው በጣም የሳሳበት ቦታ ላይ ይለካ። ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ ወሰን ተብሎ የሚሰጠው 1 ሚሊሜትር ነው፤ እርስዎ በሚሠሩት ሥራ ግን 2 ላይ ይቀይሩት፤ ሲቀየርም ግራና ቀኝ አብሮ ነው። የታምቡሩ ወሰን ራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ውስጡ 295 ሚሊሜትር የሆነው ታምቡር እስከ 297 ይፈቀድለታል። ሸራው ለስልሶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን እያረጠቡ ይግፈፉት። ዘይት የጠጣ ከሆነ ግን አይድከሙ። በቤንዚን ማጠብም በእሳት ማቃጠልም ሲደረግ ይታያል፤ ከላይ የደረቀው ሸራ ሲግል ከውስጡ ያለውን ዘይት መልሶ ያወጣል። መጀመሪያ የሚያፈሰውን ያግኙ፦ የሲሊንደሩ ጎሚኒ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፣ ቀጭንና በውሃ የሚታጠብ፤ የአክስሉ ጎሚኒ ከሆነ ወፍራም ነው፣ የሚከረፋ የዲፈረንሻል ሽታ አለው። ምንጩን ዘግተው አዲስ ሸራ ይግጠሙ። በዚሁ አጋጣሚ የዲፈረንሻሉን ዘይት ጥቂት ያፍስሱና ይዩት፤ ሻይ በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየር።

ማስፊያውን አውጥተው ጥርሱን ይጥረጉ፣ በጣት እስኪዞር ድረስ ያፍታቱት። የግራውንና የቀኙን አያቀያይሩ፤ ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው፤ ቦታ ከተለዋወጡ ሸራውን ማቅረብ ሲገባቸው ያርቁታል። ሸራው የጀርባ ሰሃኑን የሚነካባቸው ቦታዎች ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ቀልጦ ወደ ሸራው ይወርዳል።

አሁን ክርኗ። እኔ ብጠየቅ የመኪናዎ ዋነኛ በሽተኛ እሷ ናት እላለሁ፤ በዚህ ዓይነት ላንድክሩዘር ላይ የምትገኘው ከጀርባ ሰሃኑ ውጭ፣ ጎማው የሚረጨው ጭቃ በቀጥታ የሚያርፍባት ቦታ ላይ ነው። ሽቦውን ከእሷ ላይ ያላቁና በጣትዎ ይግፏት። ጤነኛዋ ያለ ጉልበት ሄዳ በሞላዋ ትመለሳለች። በፒንሳ ካልሆነ የማትንቀሳቀስ፣ ወይም ሄዳ የምትቀር ከሆነ ዘይት መርጨት ለሳምንት ነው የሚያገለግለው። ፒኗ ይውጣ፣ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይጥፋ፣ ቀዳዳዋም ይጽዳ፣ በግራሶ ተሞልታ ትመለስ። የተቀደደችው የላስቲክ ሽፋኗ ካልተቀየረች ሥራው ሁሉ እስከሚቀጥለው ጀልባ ድረስ ነው። ርካሽ ዕቃ ናት፤ ሁሉም ሰው የሚዘላትም እሷን ነው። የማቆሚያ ብሎኗ ከክርኗ ጋር ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይኑረው፤ ውስጡ ያለው ክንድ ሙሉ በሙሉ መመለሱ የሚረጋገጠው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ክፍተቱ። የመለኪያ ካሊፐር ካለዎት የታምቡሩን የውስጥ ስፋትና የሸራዎቹን የውጭ ስፋት ይለኩ፤ ልዩነቱ 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። ከሌለዎት ታምቡሩን ገጥመው ማስፊያውን ጎማው እስኪቆለፍ ይክፈቱ፣ ከዚያ ጎማው በእጅ ሲዞር ስስ የሹክሹክታ ድምፅ ብቻ እስኪቀር ይመልሱ። ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ፤ ሸራዎቹ መሀል ይይዛሉ፣ ክፍተቱም እንደገና ትንሽ ይለወጣል፤ ደግመው ያስተካክሉ። አንዱን የኋላ ጎማ ሲያዞሩ ሌላው ወደ ተቃራኒው ቢዞር አይደንግጡ፣ የዲፈረንሻሉ ባሕርይ ነው። በመጨረሻ እጀታውን ደጋግመው እስከ ላይ ይሳቡና ይልቀቁ፤ ከታምቡሩ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ማስፊያው እየሠራ ነው፤ ድምፁ ሲቆም ክፍተቱ ልኩን አግኝቷል።

ሽቦው አሁን ነው የሚነካው። እጀታው ወርዶ እያለ ልልነቱ ብቻ እስኪጠፋ ዳዶውን ያጥብቁ፤ ክርኖቹ ከቦታቸው ንቅንቅ ማለት የለባቸውም። እጀታውን ሁለት ጥርስ ሲስቡ ሁለቱም ጎማ እኩል መክበድ ይጀምር። መሀል ላይ ባለ እጀታ ከ6 እስከ 9 ጥርስ ባለው ውስጥ፣ 20 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ሙሉ በሙሉ መያዝ አለበት፤ ከዳሽቦርድ ሥር የሚጎተተው ዓይነት ጥርሱ ብዙ ስለሆነ ከዚያ በላይ ቢሄድ ችግር የለውም፣ ልኩን ከመኪናው መመሪያ ያረጋግጡ። አንዱ ጎማ ቀድሞ ከያዘ ዳዶውን አይንኩ፤ ማመጣጠኛው ደርቋል ወይም የአንዱ ወገን ሽቦ በሽፋኑ ውስጥ ዝጓል። ሽቦ የሚገዛው ያኔ ነው፤ ተላቆ በእጅ ሲሳብ የሚንገጫገጭ ወይም ክሩ የተበጠሰ ከሆነ። ሁሉም ሲያልቅ የመቆለፊያውን ዳዶ ማጥበቅ አይርሱ፣ እጀታውንም አውርደው ሁለቱም ጎማ ነፃ መሆናቸውን ይዩ።

ከተማው ውስጥ መሞከር ብዙ አይነግርዎትም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ የላላ የእጅ ፍሬን ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚታወቀው አባይ በረሃ መውረጃ ላይ ወይም ጀልባው ከኋላ ሲጎትት ነው። ወደ ቤዛዊት የሚያወጣውን ዳገት ይጠቀሙ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ ታኮ የያዘ ሰው አጠገብ ቆሞ። አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገው አንድ ጊዜ፣ ዞረው ወደ ታች አንድ ጊዜ፣ ማርሽ ፎሌ ላይ ሆኖ እግርዎን ከፔዳሉ ቀስ ብለው ያንሱ። በሁለቱም አቅጣጫ ካልያዘ አልተሠራም። ከዚያ 10 ኪሎሜትር ያህል ይንዱና በዚያው የውሃ ጠብታ ግራና ቀኙን ያወዳድሩ።

ወደ ጓደኛዎ ምክር ልመለስ። ማርሽና ታኮ ያስፈልጋሉ፣ የእጅ ፍሬኑን ግን አይተኩም። ማርሽ የሚይዘው በሞተሩ እምቅ አየር ነው፤ አየሩ ቀስ በቀስ ሲያፈስ መኪናው እየዘለለ ይወርዳል። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የፎርዊሉ ማርሽ ፎሌ ላይ ከሆነ ደግሞ ዋናው ማርሽ ቢገባም ጎማዎቹን ምንም አይይዛቸውም፤ ይሄን የማያውቅ ሹፌር መኪናውን ሐይቅ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ድንጋይም እርጥብ ጭቃ ላይ ከጎማው ጋር አብሮ ይንሸራተታል።

በሌላ በኩል፣ በትክክል የተሠራ የእጅ ፍሬንም ጀልባ ማውረጃው ላይ ወሰን አለው። የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት አልጌ የያዘው ድንጋይ ወይም ለስላሳ ጭቃ ላይ ናቸው። ጎማው ተቆልፎም መኪናው ሊንሸራተት ይችላል፤ ያኔ ጥፋቱ የፍሬኑ አይደለም። መፍትሔው በእጅዎ ነው፦ የፊት ጎማዎቹ መሀል ላይ ያለውን መቆለፊያ ወደ ሎክ ያዙሩ፣ በፎርዊሉ ማርሽ ፎር ሎው ያስገቡ። የፊትና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ስለሚታሰር የኋላው ፍሬን ደረቅ መሬት ላይ ያሉትን የፊት ጎማዎችም ይይዛል። ከዚያ እጀታውን ይሳቡ፣ ሞተሩን አጥፍተው አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ገመድ የታሰረባቸው ሁለት የእንጨት ታኮዎች ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ይግቡ። ከመኪናው የሚወርዱት ይሄ ሁሉ ሲሆን ነው። በመኪናውና በተጎታቹ መካከል፣ ከጀልባውም ኋላ ሰው አይቁም።

ውሃ ከመግባትዎ በፊት ከመንገድ የመጣውን መኪና 20 ደቂቃ ያህል ያቀዝቅዙት፤ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻም በላስቲክ ቱቦ ከሻንሲው በላይ ያስወጡት። ሲወጡ ጥቂት መቶ ሜትር ፔዳሉን በስሱ እየረገጡ ይንዱ፣ ሸራው ይደርቃል። ያን ዕለት ማታ ሜዳ ላይ በማርሽና በታኮ ያሳድሩት እንጂ እጀታውን ስበው አይደሩ፤ እርጥብ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ዝጎ ያድራል።

ይሄን የሚያነቡ የሌላ መኪና ባለቤቶች ልብ ይበሉ። የኋላው ዲስክ ሆኖ በውስጡ ትንሽ ታምቡር ያለው ቶዮታ ላይ የእጅ ፍሬኑ የራሱ ሸራ አለው፤ በቀዳዳው በኩል ዲስኩ እስኪቆለፍ ከፍተው 8 ጥርስ ይመልሱ። የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ጎማው ላይ ሳይሆን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሣጥኑ) በስተኋላ በሚወጣው ዘንግ ላይ ነው፤ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ከተነሳ መኪናው በዲፈረንሻሉ በኩል ሊሄድ ስለሚችል ያለ ታኮ ጎማ አይቀየርበትም።

ለእርስዎ የምለው ቁርጥ ያለ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሽቦ አያስወጥሩ። እስኪሠራ ድረስ ጀልባ አያውርዱበት፤ የሚግለው ጎማም ረጅም መንገድ አይሂድ። የሁለቱንም ጎማ የክርን ላስቲክና የሲሊንደር ጎሚኒ አስቀድመው ይግዙ፣ ሸራውን ከፍተው ካዩ በኋላ ይወስኑ። መካኒኩ ታምቡር ሳይፈታ ዳዶውን ሊይዝ ወደ መኪናው ሆድ ሥር ከገባ ያስቁሙት። በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሦስት ወሩ ታምቡሩ ይፈታ፣ ደለሉ ይታጠብ፣ ክርኖቹ በጣት ይሞከሩ።